ፈረንጅ ያደረጉኝ አሥራ ሁለት ሰኞዎች

ነገሩ የወሰደብኝ ይህ ነው፦ አሥራ ሁለት የባቲ ሰኞ፣ አንድ ደህና ኮት እና የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ንግድ ፈቃዴ። ነጋዴ ወሬ ሲጀምር ከወጪው ቢጀምር ይሻለዋል፤ አለዚያ ሰሚው መሐል ላይ "ታዲያ ምን ተረፈህ?" ብሎ ያቋርጠዋል።

የባቲን ሰኞ ያላየ ሰው አሥራ ሁለት ሰኞ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ከቆላው ግመል ይወጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል፣ ከደሴ ደግሞ እኔና መሰሎቼ ጨርቃችንን ይዘን መሐል ላይ እንገናኛለን። ሰኞ ያልሸጠ፣ የቀረውን ስድስት ቀን ዝንብ ሲያባርር ይውላል። እኔ ግን አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደሴ በሎንቺና ተሳፍሬ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ "ወራጅ አለ!" እላለሁ። ሎንቺናው ባልንጀሮቼን ይዞ ወደ ባቲ ይቀጥላል፣ ለእኔ አቧራውን ይተውልኛል። ከወረድኩ በኋላ የምሠራውን ሥራ ለባለቤቴ እንኳ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ሌላ ሰው ነበር የምሆነው፤ ኋላ ላይ ደግሞ ፈረንጅ።

ጊዜው የደርግ ነው። የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ገበያው ቀስ እያለ ነፍስ እየዘራ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆሞ፣ ከወዳጅ አገር የመጡ ፈረንጆች ማሽኑን ያለማምዱ ነበር። እኔ ደሴ ፒያሳ ላይ አቡጀዲ፣ ሻሽና ጋቢ እሸጣለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት ሸዋ በር ገበያ መንገድ ዳር ነው፤ እዚያ ደግሞ ፈተናው በየቀኑ ነው፣ የወደቀ ሰው ራቱን አይበላም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት መምህርት ሱቄ ገብታ ሻሽ ስታገላብጥ፣ ሦስት ደንበኛ ተከታትሎ መጣ። መጀመሪያ የገራዶ ገበሬ ነው። አስቀምጬው የዝናቡን ነገር፣ የበሬውን ነገር ጠየቅሁት፤ ስለ ጨርቁ ያነሳው ራሱ ነው። ቀጥላ የባለሥልጣን ሚስት መጣች። ለእሷ ዋጋውን አስቀድሜ ሰቀልኩና "ለእርስዎ ግን…" ብዬ ዝቅ አደረግሁት። ሦስተኛው የአፋር ሰው ነበር። ከአፋር ጋር ወሬ ሳይለዋወጡ ንግድ የለም፤ ከየት እንደመጣ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ፣ ውኃው የት እንዳለ በዝርዝር ነገረኝ፣ እኔም የደሴን ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቃል ተናግሮ ስድስት ክንድ ጨርቅ ገዝቶ ሄደ።

መምህርቷ ሻሹን ትታ እኔን ማገላበጥ ጀምራለች።

"ጋሼ፣ ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ሰው ሆኑ እኮ።"

"ለአራተኛዋ ማን እንደምሆን ገና አልወሰንኩም። ሻሹን ትወስጂዋለሽ?"

ሻሹን ወሰደችው። በማግሥቱም ተመልሳ መጣች፣ ያን ቀን የመጣችው ግን እኔን ልትወስድ ነው።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ጥጥ የሚገዙለት ሦስት ሰዎች ይፈልጋል። ከንግድ ሥራ ተማሪዎች መካከል በጽሑፍ ፈተና የበለጡትን ሦስት መርጠው ለእሷ ሰጥተዋታል። ሦስቱ ከአንድ ፈረንጅ የጥጥ ባለሙያ ጋር በአንድ ላንድሮቨር ተሳፍረው፣ አብረው እየበሉ አብረው እያደሩ፣ ወር ከመንፈቅ ቆላ ለቆላ እየዞሩ ጥጥ ይመርጣሉ። ከእነሱ በፊት የተላኩት ሦስት ሰዎች በአራተኛው ቀን ተጣልተው መንገድ ላይ ተበትነዋል። ስለዚህ አሁን የሚፈተነው አብሮ መሥራት ነው፤ ፈታኙም ራሱ ፈረንጁ ነው። ሦስቱ አብረው ካለፉ ሦስቱም ይቀጠራሉ። አንዱ ከወደቀ ሦስቱም ወደመጡበት ይመለሳሉ።

"ታዲያ እኔ ምን ልፈይድ?"

"ሌላ ሰው መሆን ያስተምሩልኝ። ትምህርቱ በጨዋታ ነው። አንዱ ገበሬ ይሆናል፣ አንዱ ገዢ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሰው የባልንጀራው ነገር የሚገባው በራሱ አፍ ሲናገረው ነው።"

"ቴአትር ነዋ።"

"ቴአትር ተመልካች አለው። ይሄ የለውም።"

"ክፍያስ?"

"እሱም የለውም።"

እሺ ያልኩት ለአገር ዕድገት አስቤ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካ ካለ ብጣሽ ጨርቅ አለ፣ ብጣሽ ጨርቅ ካለ የሚወስደው ሰው አለ፣ ያ ሰው ደግሞ በግዢ ክፍል ውስጥ ሦስት ወዳጅ ቢኖሩት አይከፋም። አሥራ ሁለት ሰኞ ዘርቼ የዓመት ብጣሽ ላጭድ ነው ሐሳቤ። መምህርቷ በወረቀቱ ላይ "ረዳት" ብላ ጻፈችኝ። "ነጋዴ" የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በመንግሥት ወረቀት ላይ የሚጻፈው ባለቤቱ ሲከሰስ ብቻ ነበር።

ክፍላችን አሮጌ የጥጥ መጋዘን ነበር። ጥጡ ከወጣ ቆይቷል፣ ብናኙ ግን አልወጣም፤ በየመሐሉ እናስነጥሳለን። መምህርቷ ወለሉን መሐል ለመሐል በጠመኔ አሠመረችበት። ከመስመሩ ወዲያ የተሻገረ ሰው ራሱን አይደለም፣ የተሰጠውን ሰው ነው። እዚያ ወዲያ የተባለ ነገር ወዲህ ቂም አይሆንም። የተሳሳተ ሰው ደግሞ አይሰደብም፤ ከመስመሩ ወጥቶ እንደገና ይገባል። ሕጓ ይኸው ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ደግ ሕግ አላየሁም።

ሦስቱ ተማሪዎች እንደ ሦስት ገበያ የተለያዩ ነበሩ። አንዱ የቢስቲማ ገበሬ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። አባቱ በክፉው ቀን አልፏል። እናቱ ሁለት ታናናሾቹን ይዛ ዘመድ ቤት ተጠግታለች፣ እህቱ ደሴ ሰው ቤት ታገለግላለች። በመጀመሪያው ሰኞ "ለምን መጣህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሥራ ከያዝኩ ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ቤት እከራያለሁ፣ ጋሼ። አምስታችንም እዚያ እንገባለን" አለኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም፣ ይሄኛውንም ያነሳው ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው የእኛው የፒያሳ ልጅ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጠቦ እግሩ ላይ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ማበጠሪያው ከኋላ ኪሱ ብቅ ያለ፣ ምላሱ ከሱሪው የሰፋ። ሦስተኛዋ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ከጴንጤ ቤተሰብ። ጸሎት ቤታቸው በዚያ ሰሞን ታሽጎ ስለነበር ስለ ሃይማኖቷ አታወራም፤ ግን ማንም ሳይነግረን በመጀመሪያው ሰኞ አወቅን።

ያወቅነው በመሐላ ነው። እኔ ሻጭ ሆኜ ከመስመሩ ወዲያ ቆሜያለሁ፣ ሦስቱ አንድ ጆንያ ጥጥ ሊገዙኝ ይከራከሩኛል።

"ወላሂ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ የለንም" አለ የቢስቲማው።

"ማርያምን! ታች በግማሽ ዋጋ አይቼዋለሁ" አለ የፒያሳው።

ሁለቱም ዞረው ልጅቷን አዩዋት። ተራዋ ነበር።

"እኔ አልምልም" አለች።

"እህቴ፣ ገበያ እኮ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም" አላት የፒያሳው። "እዚህ መሐላ ቅመም ነው።"

"አዎ ካልኩ አዎ ነው።" ዞራ ዋጋዋን አንድ ጊዜ ነገረችኝና ዝም አለች።

እኔም መሐላው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው መሐላ ሲመጣ በመሐላ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ የማይምል ሰው ግን ምን ብዬ እንደምመልሰው አላውቅም። ዝም አለች፣ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ዋጋውን የቀነስኩት እኔ ነኝ። የፒያሳው ልጅ ጭንቅላቱን ያዘ። "ይቺን ልጅ ለደሴ ነጋዴ እንዳታሳይዋት፣ አገር ይዘጋል!" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ ተስማሙ፦ ሁለቱ ወንዶች እየማሉ ያሟሙቃሉ፣ የመጨረሻዋን ዋጋ የምትናገረው ግን እሷ ናት።

በሦስተኛው ሰኞ መምህርቷ "ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ መንገድ ላይ አንድ ሆቴል አለ፣ ምን ታዝዛላችሁ?" አለቻቸው። ቀላል መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቁ። የቢስቲማው ልጅ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ የፒያሳው እስላም ያረደውን አይበላም፣ በዚያ ላይ በጨዋታው ቀኑ ረቡዕ ነው ተብሏልና ይጾማል። ልጅቷ ሁሉንም ትበላለች፣ ግን ሁለቱ እየተያዩ እሷ ብቻዋን ሥጋ ብትበላ ነገር ነው። የቀደሙት ሦስት ሰዎች በአራተኛው ቀን የተበተኑት በጥጥ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። በምሳ ነው።

"ልጆች" አልኳቸው፣ "እኛ ዘንድ ሠርግ ሲሆን አራጁ ሁለት ነው፣ ድስቱም ሁለት። ክርስቲያኑ ሲድር ለእስላም እንግዶቹ እስላም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፣ እስላሙም እንደዚያው። ላንድሮቨር ላይ ግን ሁለት ድስት አይጫንም። ስለዚህ ሽሮ ብሉ።"

"ወር ከመንፈቅ ሽሮ?" አለ የፒያሳው።

"ወር ከመንፈቅ ሽሮ።"

"ፈረንጁስ?"

"እሱም ይልመዳ! እኛ የእሱን ማሽን ለምደን የለ?"

ስድስተኛው ሰኞ ላይ መቀያየር መጣ። የፒያሳው የቢስቲማ ገበሬ ሆነ፣ የቢስቲማው ገዢ ሆነ። የፒያሳው ልጅ የእኔን ሻርፕ ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ አፉን አጣሞ፣ በየቃሉ "ወላሂ፣ ወላሂ" እያለ፣ ጣቱን እየቆጠረ፣ አፍንጫውን በእጁ እየጠረገ ገባ። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ አልክድም። የቢስቲማው ልጅ ብቻ ዋጋ መጠየቁን ትቶ ያየዋል።

"ቀጥል እንጂ፣ ግዛኝ!" አለው የፒያሳው።

"ሲሸጥ እንደዚህ አይደለም።"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

መምህርቷ ቀስ ብላ "አሳየው" አለችው። "ገበሬው አንተ ሁን።"

ልጁ ከመስመሩ ወጣ። እንደገና ሲገባ እጁ ላይ የሌለ ገመድ ይዟል። የሌለ በሬ ይስባል። መሐል ላይ ቆመና የበሬውን ጀርባ ዳበሰ፣ ከትከሻው እስከ ሽንጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የፒያሳው ገዢ ሆኖ ዋጋ ጠራለት። ልጁ አልተከራከረም። ሌላም ዝቅ ያለ ዋጋ ቢጠራለት ያው ነበር። ገመዱን በሁለት እጁ አቀበለው፣ ዞረና ሄደ። ሲሄድ ወደኋላ አልተመለከተም። ከመስመሩም ወጥቶ አልቆመም፤ እስከ በሩ ድረስ ሄደ።

የፒያሳው ልጅ የሌለውን ገመድ በእጁ እንደያዘ ቀረ። የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ቆይቶ ሻርፔን ፈታና አጥፎ ሰጠኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ከደሴ ሲመጣ ሁለት ዳቦ ይዞ ነበር፤ አንዱን ለቢስቲማው ሰጥቶ "አንተ ፋራ፣ ብላ" አለው። ይቅርታ መሆኑ ነው። ያኛውም ገብቶት በላ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመጣለሁ።

ፈረንጅ የሚሆን ሰው አልነበረንም፤ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ፈታኙን ፈረንጅ አውቀዋለሁ ብዬም ተኩራርቻለሁ። የማውቀው ግን አንድ ቀን ነው። አገሩ በገባ ሰሞን ሱቄ መጥቶ ነበር። በጥድፊያ ገባ፣ ሰላምታዬን ሳይመልስ ጋቢ በጣቱ አሳየኝ፣ ዋጋ ጠራሁ፣ ሳይከራከር ከፈለ፣ ሰዓቱን አየ፣ ወጣ። በሕይወቴ እንዲህ ቅር ብሎኝ ትርፍ አግኝቼ አላውቅም። እና እኔ ከዚያች አንድ ቀን ሙሉ ሰው ሰፋሁ። ጣቃውን ሳይዘረጋ በናሙና የሚገዛን ነጋዴ ሞኝ ስል የኖርኩ ሰው፣ የሰውን ነገር በናሙና ገዛሁ።

ከስድስተኛው ሰኞ በኋላ ሁልጊዜ ባርኔጣ አድርጌ፣ ማንኪያ ይዤ ከመስመሩ ወዲያ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ይገባሉ። እንደ ባህላችን "እንደምን አደሩ? አማን ነዎት? ቤት አማን? ልጆች አማን? ዝናቡስ?" ሲሉ ጠረጴዛውን በማንኪያ እደበድባለሁ። "ሥራ! ሥራ! ሰዓት!" ይወጣሉ፣ እንደገና ይገባሉ። በስምንተኛው ሰኞ ሰላምታው ወደ ሁለት ቃል ወረደ። በአሥረኛው ወደ አንድ። የመጨረሻዎቹ ሰኞዎች ላይ ሦስቱ እንደ ወታደር ገብተው ቁጭ ይላሉ፣ የቢስቲማው የሌለውን የእጅ ሰዓት መታ መታ አድርጎ "ሥራ!" ይለኛል። መምህርቷ ትንሽ ግራ ገብቷት "ጋሼ፣ አልበዛም?" አለችኝ አንዴ። "አብሽሪ" አልኳት። "ፈረንጅ አውቃለሁ።"

የፈተናው ቀን የቢስቲማው ልጅ በሸሚዝ ብቻ መጣ፤ ሸሚዙም የትከሻው ስፌት ለቋል። ኮቴን አውልቄ አለበስኩት። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ለእኔ ምንም አይደለም። እጅጌው ረዘመበት፣ እንደዚያም ሆኖ ግን የቢሮ ሰው መሰለ።

መጋዘኑ ተጠርጎ ጠረጴዛ ገብቷል። የሥልጠናው ኃላፊ ካድሬ ደብተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። መምህርቷ በሩ አጠገብ፣ እኔ "ረዳቱ" ግድግዳው ሥር ነን። ሦስቱ ከመስመሩ ወዲያ ተሰልፈው ቆመዋል። ፈረንጁ ገባ።

ገባና ቆመ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከወገቡ ጎንበስ አለ።

"እንደምን አደራችሁ" አለ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየረገጠ። "አማን ናችሁ? ቤት አማን? እናት፣ አባት አማን? ከብቱ እንዴት ነው? ዝናቡስ?"

ጉዴ ፈላ። ሰውየው ዓመት ሙሉ ከወሎ ሠራተኛ ጋር ሲውል ሰላምታችንን እስከ ጥጉ ተምሯል። ልጆቹን ደግሞ የእሱን ነው ብዬ የሌላ ሰው ጠባይ አስተምሬያቸዋለሁ። ወደ ቢስቲማው ልጅ ጮኼ ላቋርጠው ፈለግሁ፣ ዘገየሁ።

ልጁ የኮቴን እጅጌ ሰብስቦ፣ የሌለውን ሰዓት ሁለት ጊዜ መታ አደረገና፣ "ሥራ!" አለው።

ሦስቱም ቁጭ አሉ።

የፈረንጁ እጅ ደረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ መምህርቷ ዞረና "እኔ ስህተት ተናገርኩ?" አላት። ካድሬው ብዕሩን አንስቶ መጻፍ ጀመረ፤ እየጻፈም ለራሱ እንደሚያነብ ሰው "የወዳጅ አገር ባለሙያን… ማመናጨቅ…" ይላል። የቢስቲማው ልጅ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፣ እንዳጠፋ ግን አውቋል። ፊቱ ላይ ያየሁትን ከዚህ ቀደም አይቼዋለሁ፤ ገመዱን ሲያቀብል ነው ያየሁት። አንድ ክፍል ቤቱ፣ እናቱ፣ እህቱ፣ ታናናሾቹ ተያይዘው ሲሄዱ ታየኝ፣ ወደኋላም አይዞሩም።

ብጣሽ ጨርቅ ለማግኘት አሥራ ሁለት ሰኞ ከስሬያለሁ። ዝም ብል ብጣሹ ቢቀርብኝ ነው፤ ረዳት ነኝ፣ ረዳት አይጠየቅም። ይህን አስቤ ሳልጨርስ አፌ ቀደመኝ።

"ጓድ፣ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። የእኔ ነው።"

ካድሬው ቀና አለ። "አንተ ደግሞ ማነህ?"

"ረዳቴ…" ብላ መምህርቷ ጀመረች።

"ነጋዴ ነኝ" አልኩ። "ደሴ ፒያሳ ጨርቅ እሸጣለሁ። መምህርቷን እኔ ነኝ አስገቢኝ ያልኳት። ፈረንጅ እንዲህ ነው ብዬ ልጆቹን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።"

"ነጋዴ?" አለ ካድሬው፣ አዲስ ገጽ ገልጦ።

ፈረንጁ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ፈረንጅ እንዴት ነው?" አለኝ። "አሳየኝ።"

"ይቅርብኝ፣ ጌታዬ።"

"አሳየኝ።"

ምን ላድርግ? ባርኔጣዬን አጠለቅሁ፣ ከመስመሩ ተሻገርኩ። በጥድፊያ ገባሁ፣ ሰላምታ አልመለስኩም፣ ጋቢውን በጣቴ አሳየሁ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ ወጣሁ። ከመስመሩ ወጥቼ ባርኔጣዬን አወለቅሁና "ሱቄ የመጡ ጊዜ እንዲህ ነበሩ" አልኩት።

ሰውየው መጀመሪያ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

"እኔ ነኝ!" አለ። "እውነት እኔ ነኝ! ያን ቀን ሆዴ… ሆዴ በጣም ታሞ ነበር። ሾፌሩ ጋቢ ግዛ፣ ሆድህን እሰረው፣ ሙቀት ይሻለዋል አለ። እኔ ወደ መጸዳጃ ነው የምሮጠው!"

የፒያሳው ልጅ መጀመሪያ ፈነዳ። ልጅቷ በመዳፏ አፏን ያዘች። ስድስት ሰኞ ሙሉ በማንኪያ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ያስተማርኩት የፈረንጅ ባህል፣ የአንድ ሰው ተቅማጥ ነበር።

የቢስቲማው ልጅ ብቻ አልሳቀም። ተነሳና መምህርቷን አያት። "እትዬ፣ የተሳሳተ ሰው ከመስመሩ ወጥቶ እንደገና ይገባል ብለሽ ነበር።"

መምህርቷ ወደ ካድሬው፣ ካድሬው ወደ ፈረንጁ አየ። ፈረንጁ በእጁ "ግቡ" አለ።

ሦስቱ ከመስመሩ ወጡ። የቢስቲማው ልጅ ፊት ሆኖ ገባ። እጁን ኮቴ ላይ፣ ደረቱ ላይ አደረገ። አንድ ቃል አላሳጠረም። "እንደምን አደሩ? አማን ነዎት? ሰላም ነዎት? ቤት አማን? ልጆች አማን? አገርዎ አማን? ዝናቡ እንዴት ነው?" ትንሽ አሰበ። "ሆድዎስ አማን ነው?"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ፈረንጁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። የጥጥ ናሙና ቀረበ። ወንዶቹ እየማሉ ሻጭ ከሆነው የፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ተከራከሩ፣ ልጅቷ ሳትምል ጨረሰችው። ምሳ ሲባል ሦስቱም ባንድ አፍ "ሽሮ" አሉ። ፈረንጁ "እኔም ሽሮ፣ ለሆዴ ጥሩ ነው" ብሎ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ካድሬውም ፈረመ፣ በሌላ ወረቀት። በአሥረኛው ቀን ደሴ ንግድ ቢሮ ተጠራሁ። "ያለአግባብ በመንግሥት ሥልጠና ውስጥ የገባ ግለሰብ ነጋዴ" የሚል ተጽፎልኛል። የጅምላ ፈቃዴን አስረክቤ የችርቻሮ ተሰጠኝ፤ ቁልፍ፣ ክር፣ መርፌ፣ ሚዶ። ባለቤቴ ወሬውን ስትሰማ "አንተ ሰውዬ፣ ለሃያ ዓመት እንደራስህ ሆነህ ስትነግድ የነካህ የለም። ፈረንጅ ሆነህ ተያዝክ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። መምህርቷ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። ስትሄድ ሱቄ ጎራ ብላ አንድ ጥቅል ነጭ ክር ገዛች፤ ሳትከራከር ከፈለች፣ ሰዓቷን አየች፣ እየሳቀች ወጣች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ያን መጋዘን አሁንም ሳስበው ብናኙ አፍንጫዬን ይበላኛል። ብዙ ትምህርት ቤት አይቻለሁ፣ ልጆቼን ያስተማርኩባቸው፤ ቋሚ ግንብ አላቸው፣ ሰሌዳ አላቸው፣ ደወል አላቸው። መሬት ላይ በጠመኔ የተሠመረ አንድ መስመር ብቻ ያለው፣ የተሳሳተ ሰው ወጥቶ እንደገና የሚገባበት ግን ሌላ አላየሁም። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር አይናፍቀኝም። እሱ ይናፍቀኛል።

ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አንድ ሰኞ በሎንቺና ወደ ባቲ ስወርድ፣ ክርና ቁልፌ በአንዲት ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ አፌ በልማድ "ወራጅ አለ!" አለ። ወረድኩ። የቢስቲማውን ልጅ ቤት ጠይቄ አገኘሁት፤ ከፋብሪካው ወዲህ፣ አንድ ክፍል፣ ጭቃው ገና ያልደረቀ። እሱ ቆላ ወርዷል፣ ከሁለቱ ጋር፣ ከፈረንጁም ጋር። እናቱ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ታናናሾቹ ደብተር ይዘው በደረታቸው ተኝተው ይጽፋሉ። እህቱ ከደሴ መጥታለች፣ የሰው ቤት ሥራውን ትታ። ማንነቴን ስነግራት እናቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱኣ አደረገችልኝ፣ ረጅም፣ ለእኔና ለልጆቼ ለሰባት ዓመት የሚበቃ። ኮቴ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ እጅጌው ለልጁ ልክ ታጥፎ ተሰፍቷል። እጅጌው የተሰፋ ኮት አይመለስም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ወጪ፦ አሥራ ሁለት ሰኞ፣ አንድ ኮት፣ አንድ የጅምላ ፈቃድ። ገቢ፦ ሦስት ሰዎች ሥራ ያዙ፣ አምስት ሰዎች አንድ ጣራ ሥር ገቡ። ብጣሽ ጨርቅ አላገኘሁም።